የናዝሬት ቁጥሮች

ልደታ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ «መምህር በድሉ የቱ ጋ ነው የሚኖረው?» ብትሉ፣ ሕፃን አዋቂው «ማስረጃው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል። ቅጽል ስሙ ነው፤ በገዛ አፉ ያመጣው። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ «ይመስለኛል» ብሎ አያውቅም። የብሎኩ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ደረጃው ላይ ቆሻሻ የሚጥለው የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ይመስለኛል» ካለ፣ በድሉ ከወንበሩ ሳይነሳ «አይተኸዋል? ማስረጃ አለህ? ካላየህ ቁጭ በል!» ይለዋል። በዚህ ጠባዩ ስንቱን እንዳስቀየመ፣ ስንቱንም ከሐሜተኛ አፍ እንዳዳነ እግዜር ይቁጠረው።

ሥራው ሒሳብ ማስተማር ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያልታየበት ቀን የለም። ሚስቱ ጠጅቱ «እኔ እኮ ዱቄት ነጋዴ መስለኸኝ ነው ያገባሁህ» እያለች ትቀልድበት ነበር። ያኔ በዚያ ቤት ቀልድ ነበረ።

በየዓመቱ የፓይ ትምህርት ሲደርስ የሚጫወታት አንዲት ጨዋታ ነበረችው። ፓይ ማለት የክብ ነገር ዙሪያው ለመሐል ስፋቱ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው፤ ክቡ የድስት ክዳን ይሁን የመኪና ጎማ ለውጥ የለውም። ሦስት ነጥብ አንድ አራት ብሎ ይጀምርና ማለቂያ የለውም፤ አኃዞቹም እንዲህ ነው የሚባል ሥርዓት አይዙም። በድሉ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሰሌዳው ላይ ይደረድርና «እስቲ ያልመጣው ቁጥር የቱ ነው?» ይላል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ሁሉ ገና አሥራ ሦስተኛው ቦታ ላይ ብቅ ብቅ ብለው አልቀዋል። ዜሮ ግን የለችም። ሃያኛው ላይ ይደርሳል፣ የለችም። ሠላሳኛው ላይ ይደርሳል፣ የለችም። «እንግዲህ ፓይ ውስጥ ዜሮ የለም ማለት ነው?» ሲላቸው ክፍሉ በአንድ አፍ «የለም!» ይላል። ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለተኛው ቦታ ላይ ዜሮን ትልቅ አድርጎ ይጽፍና ጠመኔውን ወርውሮ ይጮኻል፤ «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም! ይህን ያልያዘ ከክፍሌ ይውጣ!» ስንት ተማሪ ሌላውን ሒሳብ ሁሉ ረስቶ ይህችን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

እሱና ጠጅቱ ልጅ ዘግይቶባቸው ነበር። ጠጅቱ ልደታ ማርያም አጥር ሥር ጧፍ ትሸጣለች፤ ስለቷን እዚያው ተስላ እዚያው አገኘች ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ናዝሬት መጣች፤ ያውም ጳጉሜን አራት ቀን፣ 1990 ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው። «የዓመቱ ምርቃት ናት» አለ በድሉ፣ አስታቅፈውት። ጎረቤቱ ሁሉ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቱ አባቷን ወጣች። ሌላው ልጅ ተረት ካልነገራችሁኝ አልተኛም ይላል፤ እሷ ቁጥር ካልሰጡኝ ትላለች። ገና ጣቷን እያጠፈች ስትደምር አባቷ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሃያ አኃዞች ሰጣት። ደምራ ደምራ ልክ መቶ ሲመጣላት ከወንበሩ ዘላ ወረደች። «አባዬ፣ አውቆ ነው! ቁጥሩ አውቆ ነው መቶ የሆነው!» በድሉ «ማስረጃ የለሽም፤ አጋጣሚ ነው» አላት፤ በሆዱ ግን ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማን ይችላቸው! ሰባት መቶ ስልሳ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ ስድስት ዘጠኞች እንደ ታክሲ ወረፋ ተሰልፈው አገኙ። የመጀመሪያዎቹን አንድ መቶ አርባ አራት አኃዞች ደምረው ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ሲመጣባቸው ደግሞ ጠጅቱ ሰምታ አማተበች። «በስመ አብ! የአውሬውን ቁጥር ነው እቤቴ የምትጠሩት? ዛሬውኑ ፀበል ካልተረጨ እዚህ አላድርም!» በድሉ አጋጣሚ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም ቢላት ማን ሰምቶት። ፀበሉ መጣ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ራሰ፣ አባትና ልጅ በር ዘግተው እስኪያማቸው ሳቁ።

ናዝሬት ከሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ግን ቤታቸውን የሚያውቁትን ቁጥሮች ነበር። ለምሳሌ 16470 የሚባለውን ቁጥር ፓይ ውስጥ ብትፈልጉት የምታገኙት በአሥራ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰባኛው ቦታ ላይ ነው፤ በገዛ አድራሻው ተቀምጦ። 44899ም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሌላው ሁሉ ያለ ቦታው ተበትኗል። «እነዚህ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ናቸው» ትል ነበር። «የቀረነው ተከራይ ነን።»

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ አጠናች፣ በማዕረግ ተመረቀች፤ በድሉም ዲግሪዋን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። ምን ዋጋ አለው! ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ እየዋለች ጫማ ጨረሰች። አንዱ ልምድ ይላል፣ ሌላው እንደውልልሻለን ይላል፣ ሳይደውል ይቀራል። ሰንጋ ተራ አንድ ሕንፃ ላይ እንግዳ ተቀባይ አድርገው ሊቀጥሯት ብለው፣ ዲግሪዋን ሲያዩ «አንቺማ ትተይን ትሄጃለሽ» ብለው መለሷት። ልጅቱ ከሳች። ከአባቷ ጋር ቁጥር መጫወት ተወች። በድሉ «ነይ እስቲ አንድ ነገር ላሳይሽ» ሲላት «አባዬ፣ ደክሞኛል» ትለው ጀመር።

ከታች ፎቅ የልብስ ሰፊው የበከር ልጅ ዘሀራ አብሮ አደጓ ነበረች። አንድ ሰኞ ሁለቱም ድሬዳዋ ለሥራ ፈተና ተጠርተናል ብለው ሻንጣ ይዘው ወጡ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፤ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ነው። «አባዬ፣ እንዳትቆጣ። በጀልባ ልንሻገር ነው፤ ማዶ ሥራ አለ ብለውናል።»

«ማን ነው ያላችሁ? ደላላው? ማስረጃ አላችሁ?» አለ በድሉ።

ናዝሬት ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማው ሳቋ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ስልኩ ተቋረጠ፤ ያ ቁጥር ከዚያ ወዲያ አልሠራም።

ወራት አለፉ። ዘሀራ ከተመላሾች ጋር ብቻዋን መጣች፤ ከስታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ አባቷ በከር ክንዷን ይዞ ደረጃውን እያወጣት የመምህር በድሉን በር አንኳኩ። ጠጅቱ ልጅቱን ብቻዋን ባየቻት ጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። በድሉ ግን ወንበር አቀረበ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት።

«ጋሼ፣ ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር። መሐል ላይ ውሃ መግባት ጀመረ። የናዝሬትን እጅ ይዤ ነበር…» አለችና መዳፏን ገልብጣ አየችው። ቀጥላም «ከዚያ አልያዝኩም» አለች። «እኔን ዓሣ አጥማጆች አወጡኝ። ከወጣነው ውስጥ እሷ የለችም።»

«ስትሰጥም አየሻት?»

«ጋሼ…»

«አየሻት ወይስ አላየሻትም?»

«አላየሁም።»

«ሬሳዋንስ?»

በከር ይህን ጊዜ «መምህር፣ በአላህ፣ ልጅቱን አያድክሟት» አለ።

«አላየችማ!» አለ በድሉ፤ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ዓይኑ እያበራ። «ሰማሽ ጠጅቱ? አላየችም! አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።»

አይ ያንን ቀን! ዕድሜ ልኩን ለሰው ልጅ ያስተማራት አንዲት ቃል መልሳ የገዛ ቤቱን በር ዘጋችበት።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወግ አለው። መርዶው ማለዳ ይነገራል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ እናት ደረቷን ትደቃለች፣ ጎረቤት አቅፎ ይይዛታል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ ተዝካሩ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሟችን አያስነሳም፤ ለቀረው ነው። እርምን አውጥቶ እህል ለመቅመስ ነው። እድሩ ግን የአባሉን ቤት ሰብሮ ድንኳን አይተክልም፤ አባወራው «ሞታብኛለች» ማለት አለበት። ከበድሉ አፍ ይህች ቃል አልወጣ አለች። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል ሽማግሌ ይዘው ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቴም «አስከሬን አይታችኋል? የምስክር ወረቀት አላችሁ? ታዲያ በምን ልጄን ትቀብሩብኛላችሁ!» ብሎ ሸኛቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሒሳብ መምህርማ ሲይዝ አያድርስ።

ጠጅቱ በመጀመሪያ ለመነችው።

«በድሉ፣ እርሜን ላውጣ። ታንቄ ልሞት ነው።»

«በሕይወት ላለች ልጅ ነው የምታለቅሺው? ሟርተኛ ነሽ?»

«አንተ ማስረጃ ትላለህ። እኔ ግን እዚህ ጋ ነግሮኛል» አለች ሆዷን ይዛ። «እዚህ ጋ የወጣ እዚህ ጋ ነው የሚታወቀው።»

«እሱ ማስረጃ አይባልም።»

ጥቁር ልትለብስ ስትል ከላይዋ አስወለቃት። ስታለቅስ ካገኛት ይቆጣል፤ ጮኾ ሳይሆን በዚያ ቀዝቃዛ የአስተማሪ ድምፁ፣ «ምክንያትሽን አስረጂኝ» እያለ። ሴትዮዋ እንባዋን መዋጥ ለመደች። ጎረቤቱም ግራ ገባው። «እግዜር ያጥናችሁ» እንዳይሉ ለቅሶ የለም፤ «ናዝሬት እንዴት ናት?» እንዳይሉ አፋቸው አይታዘዝላቸውም። አንዲት የዋህ ሴት ደረጃው ላይ ረስታ «እግዜር ያጥናህ» ብትለው «በምን ምክንያት?» ብሎ እስክትሸሽ አፋጠጣት። ከዚያ በኋላ ሰው የነሱ በር ጋ ሲደርስ ርምጃውን ማፍጠን ጀመረ። ባልና ሚስቱ ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆነው ተቀመጡ።

በድሉስ ምን ያደርግ ነበር ብትሉ፣ ናዝሬት ትታው የሄደችው ላፕቶፕ ላይ ተጥዶ ይውላል። የፓይን አኃዞች በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩትን የያዘ መፈለጊያ አለ፤ የፈለጋችሁትን ቁጥር ስትጽፉ ስንተኛው ቦታ ላይ እንደሚገኝ ይነግራችኋል። ጨዋታ ነው፤ ዓለም ሁሉ የልደት ቀኑን ይፈልግበታል። በድሉ ግን ጨዋታውን ትቶታል። መጀመሪያ ልደቷን ጻፈ፤ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ ዘጠና። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለን እኛ ብቻ ነን፤ «ፈረንጅ የኔን ልደት ቅጽ ላይ አይቀበለውም» እያለች ታማርር ነበር። ቁጥሩ ግን ተቀበላት። አለ! በድሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ማድ ቤት ሮጠ።

«ጠጅቱ! አለች!»

ጠጅቱ የያዘችውን ሰሃን ለቀቀችው። «ማን? ደወለች? ማን ደወለ?»

«ቀኗ! የተወለደችበት ቀን ፓይ ውስጥ አለ!»

ሴትዮዋ ስባሪውን ቁልቁል አየች። «ቀኗንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለችው። «ያማጥኩት እኔ ነኝ።» ከዚያም ተንበርክካ ስባሪውን ትለቅም ጀመር።

ስልክ ቁጥሯን ፈለገ፤ የለም። «ገና ነው፤ ቁጥሩ ማለቂያ የለውም፣ ወደ ፊት ይኖራል» አለ ለራሱ። ፓይ ውስጥ የማይገኝ ቁጥር እንደሌለ ብዙ ሰው ያምናል እንጂ እስካሁን ማንም በሒሳብ አላረጋገጠውም፤ ይህን በድሉ ከማንም በላይ ያውቃል። እንዲያውም ለክፍሉ ያስጠነቅቅ ነበር። አሁን ግን «አልተረጋገጠም» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ስትደርስ ውሃ ይጠጣባታል።

አንድ ከሰዓት ጀልባዋ የሰጠመችበትን ቀን ጻፈ። ለምን እንደጻፈው እሱም አያውቅም፤ እጁ ነው የጻፈው። አለ። ከልደቷ ቀድሞ፣ እጅግ ቀርቦ። በድሉ ቸኩሎ የዛሬውን ቀን ጻፈ፤ አለ። የነገን ጻፈ፤ አለ። መስኮቱ ሥር የቆመችውን የሚኒባስ ታርጋ ጻፈ፤ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የመጣለትን ነካካ፤ እሱም አለ። መፈለጊያውን ልጄ ትመጣለች ብትለው አዎ ይላል፤ ሞታለች ብትለውም አዎ ይላል። ለሁሉም አዎ የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ ቢኖር በድሉ ራሱ «ይህ ዋሾ ነው» ብሎ ከስብሰባ ያስወጣው ነበር። የሰውን ልብ ግን እግዜር ይየው! በማግስቱ ተነስቶ እንደገና ያው መፈለጊያ ላይ ተቀመጠ። ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውማ። ላፕቶፑን ከዘጋው ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ዝምታው ነው፤ ዝምታው ደግሞ የሚለውን ያውቀዋል።

ጠጅቱ በበኩሏ መውጣት አበዛች። ጧፍ መሸጡን ለሌላ ሰጥታ ጠዋት ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች።

«የት ነው?»

«ለቅሶ። የሰው ለቅሶ ነው፤ ይህንንም ትከለክለኛለህ?»

አይከለክላትም። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነው፤ ነገ ለራስም አለ። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ግን እህል ትቀምሳለች፤ እንቅልፍም ይወስዳታል። በድሉ ይህን አየና «ሰው መሐል መዋሉ በጀሽ» አላት። ምን ነክቶት እንደሆን እንጃ፤ በአንድ ወር ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጥቶ ሞተ ብሎ ያ ሒሳበኛ ጭንቅላቱ አላሰላም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ወልደገብርኤል መጡ። የዛሬው አመጣጣቸው ለየት ያለ ነው፤ ከበሩ አልገቡም።

«መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ያስቸግራል። ባለቤትዎ ሰንጋ ተራ አንድ ለቅሶ ቤት ናቸው። ትናንትም ነበሩ። ቤተሰቡ አያውቃቸውም። ባለፈው ሳምንትም ሌላ ቦታ እንዲሁ ሆኗል። የሰው ድንኳን እየፈለጉ ነው የሚገቡት። ሰዎቹ በክፉ አላዩትም፤ ግን “ማን ናቸው?” ብለው ሰው ልከው አስጠየቁኝ።»

በድሉ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስቱ የማታውቀው ሰው ድንኳን እየገባች! ለንፍሮ ነው ይሏት ይሆን? አብዳለች ይሏት ይሆን? ኮቱን በአንድ እጁ እያጠለቀ ደረጃውን ወረደ። እንዲህ ሊያደርግ ነው፤ ክንዷን ይዞ ሊያወጣት፣ ባለቤቶቹን ይቅርታ ሊጠይቅ፣ እቤት ገብተው ደግሞ ሊነጋገሩ። መንገዱን ሁሉ የሚላትን ቃል ሲደረድር ሄደ።

ድንኳኑ የተተከለው በአዲስ ሕንፃ ግንባታና በአንድ ኮንዶሚኒየም መሐል በቀረች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። መግቢያው ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ተቀምጧል፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ አዛውንት፤ አባባ ኢዶሳ ይላል ከሥሩ። በድሉ «ጠጅቱ የምትባል…» ብሎ ሊጀምር ሲል አንድ ሰው እጁን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ሌላው ንፍሮ ዘገነለት። ለቅሶ ቤት ማንም መጣ ማን መጀመሪያ ይቀመጣል። ተቀመጠ። ትንሽ ልቀመጥና እጠራታለሁ አለ በልቡ።

ያኔ ነው ከሴቶቹ በኩል ድምፅዋን የሰማው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሯት ኖሮ ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። እያንጎራጎረች ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች ይቀበሏታል።

ውሃ በር የለውም፣ የት ቆሜ ልጥራሽ፤
ትራስ የለው ባሕር፣ በምን ቀና ራስሽ።

ወንዶቹ መሐል ጫጫታው ቀዘቀዘ። ካርታ የያዙት ካርታቸውን አስቀመጡ። አዛውንቱ የሞቱት አልጋቸው ላይ ተኝተው፣ በልጅ በልጅ ልጅ ተከበው ነው፤ ባሕር ከየት መጣ የሚል ግን አልነበረም። ጠጅቱ ቀጠለች። «ናዝሬቴ፣ የጳጉሜን ልጄ፣ ደክሞኛል ስትይኝ ማረፊያ ያጣሁልሽ…» በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ይሏል ይሄ ነው። በድሉ ንፍሮውን ጨብጦ ቀረ። የደረደረው ቃል ሁሉ ጠፋበት። እሱ ቁጥር ውስጥ ሲያሳድዳት፣ እናቷ በየሰዉ ድንኳን ተሸክማት ስትዞር ኖራለች። የሚያሳርፋት ቤት አጥታ፤ የገዛ ቤቷን እሱ ዘግቶባት።

አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ ገዳ ይባላል። እንግዳው ንፍሮውን ጨብጦ እንደቀረ አይቶ ጎንበስ ብሎ፣

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከአባባ ኢዶሳ ጋር የት ነበር የምትተዋወቁት?» አለው።

«አላውቃቸውም» አለ በድሉ።

ገዳ ጆሮውን አስጠጋለት።

«ልጄ ሞታብኝ ነው» አለ በድሉ።

ቃሉ ወጣ። ምንም ዓይነት ስሌት አልቀደመውም፤ እንደ ትንታ ነው የወጣው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ናዝሬት የሆነ ቦታ ነበረች፤ ወደብ ላይ፣ እስር ቤት፣ የሰው ማድ ቤት፣ ስልክ በሌለበት አገር። አሁን የትም የለችም። እጁ ተከፈተና ንፍሮው መሬት ላይ ተበተነ። ገዳ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ አባቴ» ሲለው፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ወንዶችም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አንድ በአንድ እየተነሱ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሉት። በድሉ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ጠጅቱ ያንን ድምፅ ለየችው። ሴቶቹን ጥሳ ወጣች፤ ነጠላዋ ወገቧ ላይ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ። ሲያያት እጁን ዘረጋላት። ደስ ይላታል ብሎ ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የለመነችው ይህንን አልነበር? «ጠጅቱ፣ በቃ፤ ቤታችን እንሂድና እርማችንን እናውጣ፤ ልክ ነሽ፣ ልጃችን ሞታለች» አላት።

እሷ ግን ባለችበት ደረቀች። እጁን አልያዘችውም።

«አንተም?» አለችው።

«ጠጅቱ…»

«አንተም አመንክ? ኧረ በድሉ፣ አንተ አታልቅስ! እኔ የማለቅሰው እኮ አንተ እምቢ እያልክልኝ ነው! አንተ እዚያ ተቀምጠህ ትፈልጋታለህ ብዬ ነው የማለቅሰው! አንተም ከተውካት ማን ይጠብቃታል?»

መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ጮኸች። ጠዋቱን ሙሉ ስታንጎራጉር የዋለችው ይህን አይመስልም ነበር። ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ፣ የሟቹ ሚስት ሳትቀር፣ ከድንኳኑ እየተጋፉ «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» እያሉ ወጡ።